የሞገስ ቆጣሪ

እትዬ ዘነበች ወረቀቱን አልነኩትም። ትዝታ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ ዘርግታላቸው፣ የጣት ቀለሙንም ክዳን ከፍታ ከጎኑ አስቀምጣላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ የማያውቁት ሰው ደጃፋቸው ላይ ጥሎት የሄደ ዕቃ ይመስል ከሩቅ ያዩታል።

«እስቲ የመጀመሪያውን መሥመር ድገሚልኝ» አሉ።

«‹እኔ የሟች የአቶ ሞገስ ሚስትና ወራሽ፣ ሟች በስማቸው በተመዘገበው ቆጣሪ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለባቸው አምናለሁ።› ዋናው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው እትዬ። ዕዳውን ፕሮጀክቱ ከፍሎ እንደሚያሰርዝልዎት...»

«የለም፣ የለም። እዚያው ላይ ተይው።»

ወፍጮው ለጊዜው ቆሟል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በየማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል። ካሰች የምትባለው ጎረቤት፣ ገብስ ልታስፈጭ የመጣችው፣ ከሁሉም ቀድማ አፏን ከፈተች።

«ኧረ አንቱ ጣትዎን ይርገጡላት! እኔ ብሆን ጣቴን ከነክንዴ ነበር የምሰጣት። የሚከፍልልኝ ሰው ተገኝቶ!»

«ያንቺ ባል በሕይወት አለ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ዕዳ ቢኖርበት ራሱ አለብኝ ብሎ ይናገር።»

«ኧረ እሱ ራሱ ነው እንጂ ዕዳዬ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ዘነበች ግን ከንፈራቸውን እንኳ አላላሉም። ማብሪያውን ወደ ላይ ገፉት፤ ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ፤ ወሬውም እዚያ ላይ ቀረ። ትዝታ ወረቀቱ ዱቄት እንዳይለብስ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ በችግሩ ጊዜ መንገዱ በደብረ ታቦርም በነፋስ መውጫም በኩል ተዘግቶ ነበር። ናፍጣ ጠፍቶ የአካባቢው ወፍጮዎች ሁሉ ጸጥ ሲሉ፣ በመብራት የሚሠራው የሞገስ ወፍጮ ብቻ ቀረ። መብራቱም ደስ ባለው ጊዜ ነበር የሚመጣው። በመጣ ቁጥር ሞገስ ከመደባቸው ተነሥተው ሞተሩን ያስነሣሉ፤ የገሳይ ከተማና ዙሪያዋም እህሏን ተሸክማ ትሰለፋለች። ያለው ይከፍላል፤ የሌለው «መንገድ ሲከፈት» ይላል። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ብቅ አላለም፤ ልክፈል ያለ ቢኖር እንኳ የሚቀበል አልነበረም። ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አልተወም።

ከዚያ ሞገስን ጉበት ያዛቸው። ወደ ሐኪም የሚወስድ መንገድ ስለሌለ እቤታቸው ሞቱ። አፈር ከለበሱ በኋላ የእድሩ ዳኛ በላይነህ በአገሩ ልማድ ተነሥተው ቆሙ። «ከሞገስ ላይ ገንዘብ ያለው፣ አደራ ያስቀመጠ ካለ ይናገር። መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ፤ ለነፍሱ የሚተው ይተው» ብለው ተጣሩ። አንድ ገበሬ ተነሥቶ በዱቤ የሸጥኩለት ስንዴ አለ አለ፤ እትዬ ዘነበች እከፍላለሁ አሉ፤ ከፈሉም። ሌላው ትንሽ ገንዘብ ነበረችኝ፣ ለነፍሱ ትቻታለሁ አለ። ሌላ የተነሣ የለም። ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሀል ቀና ብለው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ «ከሞገስ ላይ የቀረ ዕዳ የለም» አሉ። በላይነህም ቃላቸውን ተቀብለው አወጁት። የንስሐ አባትየውም ጸለዩበት።

መንገዱ ሲከፈት ቆጣሪ አንባቢው መጣ። የተጠራቀመው ሂሳብ ከሁለት ጥሩ በሬዎች ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ትዝታ ይህን ሁሉ የሰማችው ዘግይታ ነው። አጎቷ ሞገስ ሲቀበሩ ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ፈተና ላይ ተቀምጣ ነበር። ተምራ ስትመለስ፣ በችግሩ ወቅት ለተጠራቀመ የቤትና የአነስተኛ ንግድ መብራት ሂሳብ እፎይታ የሚሰጥ ፕሮጀክት ደብረ ታቦር ላይ ቀጠራት። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ግን ማልዳ ስትነቃ ምን እየሠራሁ ነው የሚለው ጥያቄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ከመጣች ወራት ቢያልፉም ሻንጣዋን ገና ሙሉ በሙሉ አልፈታችውም። ሌላ አገር፣ ሌላ ትምህርት ቤት እያለች ስልኳ ላይ ትፈልጋለች፤ ለዚያ የምትሆን ገንዘብም ባንክ አስቀምጣለች።

የአጎቷ ወፍጮ ጉዳይ ግን ከሌላው የሥራ ክምር ጋር ገፋ አድርጋ የምትተወው አልሆነላትም። ያልፈረመ ሰው እፎይታ የለውም፤ እፎይታ የሌለው ቆጣሪ ደግሞ በወሩ መጨረሻ መስመሩ ይቆረጣል። ወፍጮው ከቆመ እትዬ ዘነበች የሚበሉት፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸውም የሚማሩበት ገንዘብ የለም።

በላይነህን ያገኘቻቸው አውድማ ላይ ነበር፤ ገብስ እያበራዩ። መንሹን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት።

«አያ በላይነህ፣ እትዬን ይምከሩልኝ። እንዲፈርሙ።»

«ምን ብዬ? ዕዳ የለበትም ብዬ ያወጅኩ እኔ ነኝ። አሁን ሄጄ፣ ‹አለበት ብለሽ ጣትሽን እርገጪ› ልበላት?»

«ያኔ እኮ ባለገንዘቡ አልሰማም። መንገድ ተዘግቶ ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ገለባ ከጢማቸው እየለቀሙ ትንሽ አሰቡ። «ያልሰማ ሰው ዘግይቶም ቢመጣ ይደመጣል። እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ገንዘብ አለኝ የሚለው ሰውዬ ይምጣና በሰው ፊት ይቁም። ልጠይቅ ካለ ይጠይቅ፤ ልተው ካለም ይተው። እኔ ደግሜ እጣራለሁ። ነገሩም በተጀመረበት ሰው ፊት ያልቃል።»

ትዝታ በደስታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። «ቆይ እስቲ! ሰውዬው ሳይመጣ ደስ አይበልሽ።»

ማግሥቱን ደብረ ታቦር የመብራት ቢሮ ሄደች። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ አስናቀ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ከዚያ ራሱን አከከ።

«እሺ፣ መጣሁ እንበል። ቆሜ ምን ልበል?»

«ገንዘብ አለን፣ ለነፍሳቸው ትተናል ይበሉ።»

«እኅቴ፣ ገንዘቡ የእኔ አይደለም። በሰው ገንዘብ እንዴት ትቻለሁ እላለሁ?»

«መሥሪያ ቤቱስ?»

«መሥሪያ ቤቱ መቼ ተወ? እናንተ ትከፍሉናላችሁ፤ እኛ እንሰርዛለን። ሂሳብ ነው። የተወ ካለ እናንተ ናችሁ የተዋችሁት።»

«እኛም እኮ አይደለንም። እኛ ከውጭ የመጣልንን ነው የምናስተላልፈው።»

«እንግዲያው የውጮቹ ይምጡ!» ብሎ ሳቀ። «ገሳይ ድረስ መጥተው፣ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው፣ ጠላቸውን እየጠጡ ይተዉለት።» ሳቁን ሲጨርስ አዘነላት መሰል፣ «እንዲያው እንደ ሰው፣ ከተመቸኝ ብቅ እላለሁ» አላት።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ያንን ሰንሰለት ስታስበው ቆየች። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚተው ማን ነው? ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁሉም አሳልፌ ነው ይላል። ፑኔ ሳለች ስለ ዕዳ ስረዛ ረጅም ጽሑፍ ጽፋ ጥሩ ውጤት አግኝታበታለች። ይህ ጥያቄ እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ያነሣው አስተማሪም አልነበረም። እትዬ ዘነበች ደግሞ ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው።

እሑድ ከፍትሐቱ በኋላ ሰው ዳሱን ሞላው። አስናቀ አልመጣም። ትዝታ ከሴቶቹ ጫፍ ተቀምጣ በየደቂቃው መንገዱን ታያለች፤ ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። የሚወርደው ሁሉ ሌላ ሰው ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ በላይነህ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ሞገስ በተቀበረ ቀን ተጣርቼ ነበር። መንገድ ተዘግቶበት ያልሰማ ሰው አለ ስለተባለ ደግሜ እጣራለሁ። ከሞገስ ላይ ገንዘብ ያለው ካለ ይናገር!»

ሁለተኛ ጠሩ። እትዬ ዘነበች ዐይናቸውን ትዝታ ላይ ተከሉ። ያመጣሽው ሰውዬ የት አለ የሚል ዐይን ነው። ሦስተኛው ጥሪ ካለፈ ነገሩ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል፤ ወረቀቱም አይፈረምም፤ መስመሩም ይቆረጣል። ትዝታ እግሯ ሲነሣ ተሰማት፤ ሐሳቧ የደረሰው ኋላ ነው።

«እኔ አለሁ» አለች።

ሰዉ ዞረ። ድምጿ እንደ ተማሪ ቀጥኖ ነበር የወጣው፤ ጠረገችው።

«የመብራት ገንዘብ ነው። ያኔ መንገድ ስለተዘጋ አልተጠራም። ስለዚያ ገንዘብ የምናገር እኔ ነኝ።»

በላይነህ አተኩረው አዩዋት። «ገንዘቡ ያንቺ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱም ቀላል ነበር። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል፤ ካሰች እንኳ አፏን ይዛለች።

«በእኔ በኩል ነው» አለች ትዝታ።

«ትጠይቂያለሽ ወይስ ትተዪያለሽ?»

«ለነፍሳቸው ትቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። «ነፍስ ይማር!» የንስሐ አባትየው መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩ። እትዬ ዘነበች እየተደነቃቀፉ መጥተው አንገቷን ይዘው አለቀሱ፤ በባላቸው ቀብር ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሱም ተባለ። ሽማግሌዎች ግንባሯን ሳሙ፤ አንዲት አሮጊት «የሞገስ እኅት የወለደችው እኮ ናት» እያሉ ለማያውቃት ያስታውቃሉ። ትዝታም ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችበት መሬት የራሷ መሰላት። ያ ስሜት ጣፋጭ ነበር። የሚጎረብጥም ነገር ነበረበት፤ ግን በዚያች ሰዓት አልነካካችውም።

ሰው ሲበተን ወረቀቱን አውጥታ ጓዳ ድረስ ተከተለቻቸው።

«በሉ እንግዲህ እትዬ፣ አሁን ጣትዎን ያሳርፉልኝ።»

እትዬ ዘነበች ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወረቀቱን አዩት። «ምኑን?»

«ዕዳውን። እንዳለባቸው...»

«የቱ ዕዳ? አሁን ተዉለት አይደል እንዴ? አንቺው ነሽ የተውሽለት!» ፊታቸው ላይ ቅንጣት ተንኮል አልነበረም። «የሌለ ዕዳ አለ ብዬ ልርገጥ? ያውም ዛሬ? ሂጂ፣ ሂጂ፣ ድካም ነው እንዲህ የሚያደርግሽ። ትንሽ ቅመሽ።»

ትዝታ ወረቀቱን እንደያዘች ጓዳው መሀል ቀረች። በዚህ አገር የዕዳ ነገር ከምን ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ልጅ ሆና የምታውቀው ይመስላት ነበር። ከግማሹ በላይ አላወቀችም ኖሯል።

ማክሰኞ አለቃዋ ጠራት። «ገሳይ ላይ ምን ብለሻቸው ነው? ሦስት ባለሱቆች አንፈርምም አሉ። ‹ልጂቱ በሰው ፊት ትታዋለች፣ ምን ቀረ?› ይላሉ አሉ።» ትዝታ አስተካክለዋለሁ አለች። እንዴት እንደምታስተካክለው ግን አታውቅም። ባንክ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አሰበች። ሁሉንም ብታራግፈው የአጎቷን ሂሳብ ሊሸፍን ይችላል። ያን ጊዜ የተናገረችው እውነት ይሆናል፤ ትቻለሁ ያለችውን በእርግጥ ትተዋለች። ግን የባለሱቆቹስ? ደግሞስ ገንዘቡን መንካት ያልፈለገችው ትክክል ስላልሆነ ነው ወይስ ለመሄጃዋ ስለሳሳችለት? ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ብትመረምርም መለየት አቃታት። ባንኩ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄዳ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ነገረቻቸው።

«እትዬ፣ እሑድ የተናገርኩት... ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። የምተወው ነገር አልነበረኝም።»

ሽንኩርት የሚልጡበትን ቢላ አስቀመጡ።

«ታዲያ ለምን አልሽ?»

«መስመሩ እንዳይቆረጥብዎት ብዬ ነው።»

«እኔ ለመስመሩ አይደለም ያለቀስኩት።» ድምጻቸው አልጨመረም። «እና ምን አድርጊ ትይኛለሽ? አገር እየሰማ ያልሽውን እዚህ ለእኔ ብቻ መለስኩት ብለሽ ትሄጃለሽ? ማታ ሰው መጥቶ ‹ሞገስ እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው› ቢለኝ እኔ ምን ልመልስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በተናገርሽበት ሰው ፊት መልሺው። ያን ጊዜ እኔም እረግጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ሞገስ ዕዳ የለበትም።» ቢላውን አነሡ። «በይ አሁን ሽንኩርቱ ሳያስለቅስሽ ውጪ።»

የወሩ መጨረሻ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። የመስመር ሠራተኞቹ መሰላል ጭነው ሲመጡ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ቡድኑን የሚመራው ፋንታው የሚባል ወጣት፣ ኮፍያውን አውልቆ እትዬ ዘነበችን ሰላም አለ። የታዘዘ ሰው ነው፤ እንደታዘዘ ደግሞ ፊቱ ይናገራል።

«እሜቴ፣ ይህ ቆጣሪ ከሚቆረጡት ውስጥ አለ። ሞተሩን ቢያቆሙልኝ?»

«ምን ተብሎ ነው የሚቆረጠው?»

«ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ተብሎ።»

«የለበትም። ተትቷል። የተወችው ያችውልህ» ብለው በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። ትዝታ ከመኪናው ኋላ በባጃጅ ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሴቶቹ ፈገግ ብለው መንገድ ለቀቁላት። ካሰች፣ «መጣች ባለጸጋችን! እስቲ ንገሪው እቴ፣ መሰላሉን ይዞ ይመለስ!» አለች።

ፋንታው ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎ ነዎት የከፈሉት?»

እትዬ ዘነበች ሞተሩን አጠፉት። የቀረው ድምፅ ከወንፊቱ የሚረግፈው ዱቄት ብቻ ነበር። በላይነህም ከገበያው ሲመለሱ ግርግሩን አይተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ትዝታ አዘጋጅታው የመጣችው ንግግር ነበራት። ስለ ፕሮጀክቱ፣ ስለ ሂደቱ፣ ስለ አለመግባባቱ። ወደ አፏ ሲደርስ ሁሉም እንደ ማምለጫ ሆነባት።

«አልከፈልኩም» አለች። «እሑድ ሙት ዓመቱ ላይ ገንዘቡ በእኔ በኩል ነው፣ ትቻለሁ ብዬ ነበር። ሐሰት ነው። ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። የምተወው ምንም አልነበረኝም። ሂሳቡ እንዳለ ነው።»

ካሰች እንኳ ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከሁሉም ይልቅ ትዝታን ያስጨነቃት ይህ የካሰች ዝምታ ነበር።

በላይነህ ቀስ ብለው ገቡ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ። «ገንዘቡ ያንቺ ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

«በሙት ላይ ዋሸሽ ማለት ነው።»

«አዎን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን አምጪ።»

ትዝታ ከነቀለሙ አወጣችው። እትዬ አልተቀበሏትም፤ መጀመሪያ ወደ በላይነህ ዞሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ልክ በቀብሩ ቀን እንዳደረጉት።

«በላይነህ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስሕተት ነው። ከሞገስ ላይ የቀረ ዕዳ አለ። ለአገሩ እህል ሲፈጭ ያመጣው ዕዳ ነው፤ ግን ዕዳ ነው። ሰው ሁሉ ይስማ።»

«ሰምተናል» አሉ በላይነህ፤ ድምጻቸው ሻከረ።

ከዚያ ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ዘርግተው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው አሳረፉበት። ሚዛኑ በክብደታቸው ዘመም እስኪል ጫኑት። ጣታቸውን የዱቄት ማዳበሪያ ላይ ጠረጉ። ፋንታው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለአለቃው ደወለ፤ ደጅ ወጥቶ ሲያወራ ቆየ፤ ሲመለስ ኮፍያውን አጠለቀ። «ከፈረሙ ለጊዜው ይቆይ ተብሏል» አለና መሰላሉን አስጫነ።

«ወፍጮው ተረፈ» አለች ትዝታ፣ የምትለው ስለጠፋት።

«ሂጂ አሁን» አሏት እትዬ ዘነበች፣ ሳያዩዋት።

ባለሱቆቹም ወሬውን ሰምተው አንድ ባንድ መጥተው ፈረሙ። አለቃዋ አመሰገናት። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ግን ይመጣል እየተባለ ዘገየ፤ ሳምንቱ ሳምንቱን ገፋ። እትዬ ዘነበች ባላቸውን በአገር ፊት ባለዕዳ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ባለዕዳነቱን የሚያነሣው ነገር ደግሞ የት እንዳለ ትዝታም አታውቅም። ደብረ ታቦር ክፍሏ ውስጥ ሻንጣው እንደተከፈተ ነው። ስልኳ ላይ የምትፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች መፈለግ ተወች፤ ግን መቆየትን ወስናም አልነበረም። ገሳይ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «ገሳይ! ገሳይ!» እያለ ሲጣራ ስትሰማ እርምጃዋን ታፈጥናለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ካሰች ነበረች።

«እትዬሽ ይፈልጉሻል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ብጠይቅ ብጠይቅ አልነገሩኝም። ነገ ነይ። ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ደግሞ፣ ስኳር ያዢ፣ እዚህ ተወዷል።»

ስኳሯን ይዛ ሄደች። ሞተሩ ቆሞ ነበር፤ እትዬ ዘነበች የሚቀጥለውን እህል እያፈሰሱ ነው። ሲያዩዋት ሰላም ሳይሏት እጃቸውን አራግፈው ጓዳ ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። የሞገስ ስልክ ነው፤ ቁልፎቹ የተፋቁ አሮጌ ስልክ። ባለቤቱ ከሞቱም በኋላ ደንበኞች የሚያውቁት ቁጥር ነው ብለው ቻርጅ ማድረጉን አላቋረጡም።

«ትናንት ጮኸ» አሉ። «ካሰች ላንብብልዎት አለችኝ፤ አልሰጠኋትም። የጀመርሽው አንቺ ነሽ።»

ትዝታ መልእክቱን ከፈተች።

«‹ክቡር ደንበኛችን ሞገስ፤ የቆየ ዕዳዎ ተሰርዟል። ቀሪ ሂሳብዎ ዜሮ ነው። ስለ ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን።›»

«ድገሚው።»

ደገመችው። እትዬ ዘነበች ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ሰሙ፤ ከማሽኑ ውስጥ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ካለ እንዳያመልጣቸው ይመስል።

«ማነው የላከው?»

«ማንም አይደለም፣ እትዬ። ማሽን ነው የሚልከው። ገንዘቡ ሲገባ ራሱ ይልካል።»

«ስሙን ጠርቷል ግን።»

«ጠርቷል።»

«ለነፍሱ አላለም?»

«አላለም።»

እትዬ ዘነበች ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልኩን ተቀብለው በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት፤ እንደገና ፈቱት፤ እንደገና ጠቀለሉት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ከደጅ ሆነው ያያሉ። ካሰችም አለች።

«እንግዲያው አንቺ ለነፍሱ በይለት» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ? እኔ እኮ ምንም የለኝም። ያን ቀንም...»

«ዐውቃለሁ። ያን ቀን አለኝ ብለሽ ዋሸሽ። አሁን እንደሌለሽ አገር ሰምቷል። ዕዳውም የለም፤ የሚጠየቅ የለም፤ የሚተው የለም። እንዲያው በይለት። ሰው ይበልለት፤ ማሽን ብቻ አይበልለት።»

ትዝታ ቃሉ ያን እሑድ እንዴት ቀሎ እንደወጣ አስታወሰች። አሁን እንደ ድንጋይ ከበዳት። በዚህ አምናለሁ ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። የእትዬ ዘነበች ዐይን ግን ስለ እምነቷ አልጠየቃትም፤ ይጠብቅ ነበር እንጂ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው የምታግዘው ልጃቸው እህሉ መሞላቱን አይታ ማብሪያውን ገፋችው። ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ቀይ መብራቱን ያርገበግብ ጀመር፤ ዱቄቱም በወንፊቱ ይወርድ ገባ።

«ነፍስ ይማር» አለች ትዝታ።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

«አልሰማሁም» አሉ። «ጮክ በይ። እነዚያም ይስሙ።»